ተጋድሞ የተነሳ ራጅ

እጸገነት ግርማይ አንጀቷ ቶሎ የሚላወስ ሴት ናት። ካዛንቺስ፣ መንገዱ ሲሰፋ ከፊቱ የነበሩት ሱቆች ተነስተው ድንገት ጎዳና ዳር በወጣ አንድ የግል የምርመራ ማዕከል ውስጥ ሃያ አንድ ዓመት ራጅ አንስታለች። በእነዚህ ዓመታት ያላየችው የአጥንት ስብራት፣ ያልሰማችው የሲቃ ዓይነት የለም። ሌላው ሰው ቢሆን በዚህ ሁሉ ዘመን ልቡ ይደነድን ነበር። የእሷ ግን ጭራሽ እየሳሳ ሄደ። ሽማግሌ ሲገባ ከመቀመጫዋ ትነሳለች፤ ሕፃን ሲያለቅስ አብራ ለማልቀስ ጥቂት ነው የሚቀራት። የሥራ ባልደረቦቿ «ሆደ ባሻዋ» እያሉ ይቀልዱባታል። ታካሚዎቹ ግን ምርቃት ያዘንቡላታል፤ ምርቃት ደግሞ ማን ይጠላል?

ደግነት ያለ ልክ ሲሆን ሰው እንደሚጎዳ ለእሷ የነገራት አልነበረም። ቢነግሯትም የምትሰማ አይመስልም።

አቶ ኑሪ ወደ ማዕከሉ የመጡት በመጋቢት፣ በረመዳን ጾም መካከል፣ ከቀትር በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሀምዲያ ክንዳቸውን ይዘዋቸው ነበር። ትከሻቸው በሩን የሚሞላ ሰው ናቸው። ከሃያ ዓመታቸው ጀምሮ ኑሯቸው ቄራ ሥጋ መሸከም ነው፤ የታረደ በሬ ግማሽ ጎን እያዘሉ ከማረጃው እስከ መኪናው፣ ከመኪናው እስከ ማረጃው፣ አርባ ዓመት ሙሉ ተመላልሰዋል። የቄራ ሰው «ኑሪ የያዘው አይወድቅም» ይል ነበር አሉ። ያን ዕለት ግን ራጅ ክፍል የገቡት ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ነው።

የማዘዣ ወረቀቱን የጻፉት ዶክተር ዘአማኑኤል የሚባሉ የአጥንት ሐኪም ናቸው። የሐኪም ጽሑፍ መቼም ለሐኪም ብቻ ነው የሚነበበው፤ ይህን ግን በትልልቁ ጽፈው ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። የታችኛው አከርካሪ፣ ከጎን፣ ታካሚው ቆመው፤ አንዱ ቀጥ ብለው፣ አንዱ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው፣ አንዱ ወደ ኋላ ተለጥጠው።

እንዲህ ያለው ራጅ ለምን እንደሚታዘዝ እጸገነት ከማንም በላይ ታውቃለች። የወገብን አጥንቶች አጥብቆ የሚይዘው ጅማት ሲላላ፣ አንዱ አጥንት ከሥሩ ካለው ላይ ወደ ፊት መንሸራተት ይጀምራል። ሰውየው ሲተኛ ግን ሸክሙ ይቀልና አጥንቱ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ራጁም ደህና ነው ይላል። ለዚህ ነው ታማሚው ቆሞ፣ ጎንበስና ቀና እያለ የሚነሳው። የአጥንቱ ዐመል የሚታወቀው የሰውየውን ክብደት ተሸክሞ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው።

አቶ ኑሪም ይህንኑ በራሳቸው ቋንቋ ነገሯት።

«ስጋደም ምንም አልልም፣ ልጄ። ደህና ነኝ። ስቆም ነው የሚከዳኝ። ስቆም፣ ከወገቤ በታች ያለው የኔ አይደለም።»

ወይዘሮ ሀምዲያ ደግሞ የባላቸውን ኮት እየተቀበሉ ጉዳዩን ዘረገፉላት። ከቡልጋሪያ ሰፈር ጀርባ ያለው መንደራቸው ለልማት ሊነሳ ነው፤ ለነዋሪው ኮንዶሚኒየም በዕጣ ይሰጣል፤ ዕጣው ደግሞ የትኛው ፎቅ ላይ እንደሚጥል አይታወቅም።

«ሊፍት የለውም አሉን፣ የኔ ልጅ። ታማሚ ከሆነ ግን፣ የሕክምና ቦርዱ ደረጃ መውጣት አይችልም ብሎ ከጻፈለት፣ ያለ ዕጣ ግራውንድ ይሰጠዋል። ቦርዱ ደግሞ ራጅ አምጡ አለ። በቃ፣ ሁሉ ነገራችን ያንቺ ራጅ ላይ ነው።»

«አይዞዎት እማማ። አሁን አንስተን እንሰጥዎታለን» አለች እጸገነት።

ወይዘሮ ሀምዲያ ወጡ። እጸገነት ሽማግሌውን ከራጅ ማንሻው ፊት አቆመቻቸውና የብረቱን መያዣ አስያዘቻቸው። ገና ቀጥ ብለው ሲቆሙ ጉልበታቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ግንባራቸው ላይ ላብ ቸፍ አለ። ውሃ ልትሰጣቸው ብላ ጾመኛ መሆናቸው ትዝ አላትና ብርጭቆውን መልሳ አስቀመጠች።

«አባባ፣ አሁን እንግዲህ ወደ ፊት...» አለችና አቋረጠች።

እጸገነት ያደገችበት ቤት ልጅ ነው ለአባት የሚያጎነብሰው። አባቷ አቶ ግርማይ ወደ ሳሎን ሲገቡ ቤቱ ሁሉ ብድግ ይል ነበር፤ እሷም ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ትስማለች፤ «አቦይ» ስትላቸው እንኳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው። እሳቸው ከሞቱ ገና ዓመት አልሞላቸውም። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነርሶቹ ሊያገላብጧቸው ሲሉ አባቷ የሚያሰሙትን ድምፅ በር ላይ ቆማ ሰምታዋለች። አሁን እሷ ቀጥ ብላ ቆማ፣ በአባቷ ዕድሜ ያለ ሰው፣ ያውም በጾም አንደበት፣ ጎንበስ በሉ፣ ዝቅ በሉ፣ እንደዚያው ይቆዩ ብላ ማዘዝ ነውር ሆኖ ተሰማት። ቢሆንም አዘዘቻቸው። አቶ ኑሪ ጥቂት ዝቅ አሉና «ያ አላህ!» አሉ፤ ጮክ ብለው አይደለም፣ ለራሳቸው ነው።

ያ ድምፅ አንጀቷን በላው።

«በቃ፣ በቃ አባባ። ይተዉት። ይምጡ፣ አልጋው ላይ ይጋደሙ።»

«ዶክተሩ ቆመህ ብሎኝ አልነበረም?»

«እኔ አለሁ አይደል? አይጨነቁ።»

በጎናቸው አጋደመቻቸው። ጉልበታቸውን ወደ ሆዳቸው ትንሽ አጠፈችላቸውና ይህ ጎንበስ ማለታቸው ነው አለች፤ እግራቸውን ዘርግታ፣ ደረታቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ፣ ይህ ደግሞ መለጠጣቸው ነው አለች። ሦስቱንም አነሳች። አቶ ኑሪ እፎይ ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። በዚያ መሐል ሰብሪና፣ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ፣ አንገቷን በበሩ አስግጋ «እጹ፣ ማለቴ፣ ፓሽንት ኮሪደሩን ሞላው እኮ! ስንት ደቂቃ ልበላቸው?» አለች።

ፊልሙ ሲወጣ ከሥሩ እንዴት እንደተነሳ መጻፍ ግዴታ ነው። ተጋድመው ብላ ብትጽፍ ዶክተር ዘአማኑኤል ይመልሱታል፤ እኒህ ሰው ነገ እንደገና መጥተው እንደገና ሊቆሙ፣ እንደገና ሊንቀጠቀጡ ነው። እጸገነት ጥቂት አመነታች። አጥንቱ ክፉኛ የለቀቀ ከሆነ ተጋድመውም ቢሆን መታየቱ አይቀርም ብላ ራሷን አታለለች። ሃያ አንድ ዓመት የሠራ ሰው እንዲህ ብሎ ራሱን ሲያታልል ያሳዝናል። ከሦስቱም ሥር «ቆመው» ብላ ጻፈችና ላከችው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ፤ ይሄኛው ግን የተፈታው በእሷ ወገብ ላይ አልነበረም።

ስትሸኛቸው አቶ ኑሪ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው መረቋት። ወይዘሮ ሀምዲያ ጉንጯን አገላብጠው ሳሟት። እጸገነት ያን ቀን ወደ ቤቷ ስትሄድ ደስ ብሏት ነበር። በሳምንቱ ስማቸውንም ረሳችው።

ስምንት ወር አለፈ። ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ጠዋት፣ ሰብሪና በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠ ሰው እየገፋች መጣች። ሰውየው ከስተዋል፤ የግራ እግራቸው ጣቶች ወደ መሬት ተንጠልጥለዋል። እጸገነት አላወቀቻቸውም። ከኋላ የመጡት ሴትዮ ግን ገና ሲያዩዋት ፊታቸው በራ።

«ውይ ያቺ ደጓ ልጅ! ያቺ ያዘነችልን ልጅ! ኑሪ፣ እያት፣ እሷው ናት እኮ!»

አቶ ኑሪ ቀና ብለው አዩዋት፣ በአንገታቸው ሰላምታ ሰጧት። ማዘዣው የዶክተር ዘአማኑኤል ነው፤ ያው ራጅ፣ ያው ከሥሩ የተሰመረ መስመር። እጸገነት መስመሩን ስታይ አስታወሰቻቸው። ሽማግሌውን ሰብሪና ወደ ውስጥ ስታስገባቸው ወይዘሮ ሀምዲያ ኮሪደሩ ላይ እጇን ያዟት።

«ምን ሆነው ነው፣ እማማ?»

«ምን ልበልሽ! ያኔ ራጁ ደህና ነው አለ። ምንም አልተነቃነቀም፣ አጥንቱ ቦታው ላይ ነው፣ ጡንቻ ነው ተብሎ ኪኒን ተሰጠው። ቦርዱ ወረቀቱን አየና ደረጃ መውጣት ይችላል ብሎ ጻፈ። በቃ፣ ዕጣ ውስጥ ገባን፤ አራተኛ ፎቅ ደረሰን።»

ሴትዮዋ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ቀጥለው ያሉትን ዝቅ ባለ ድምፅ ነው ያሉት፤ ሰውየው እንዳይሰሙ ይመስላል።

«ውሃ ደግሞ እኛ ፎቅ ድረስ አይወጣም። ከታች በጀሪካን ነው የምናመጣው። እሱ ወገቤን ይላል። እኔ ምን አልኩት መሰለሽ? ራጁ ጤነኛ ነህ ብሏል፤ ማሽን ይዋሻል እንዴ? አርባ ዓመት በሬ ያዘለ ሰው ጀሪካን ከበደኝ ሲል ማን ያምናል? ቤታችን ስለፈረሰ፣ ቄራም ስለራቀህ ከፍቶህ ነው እንጂ አላመመህም አልኩት። ሰነፍክ አልኩት፣ የኔ ልጅ። በዚህ አፌ። እሱም ሰው ፊት ማፈር አይወድም፤ ከዚያ በኋላ ወገቤን ማለት ተወ። ሐምሌ ላይ ሁለት ጀሪካን ይዞ ሲወጣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ወደቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግራ እግሩ አይሰማውም። ለጁምዓ እንኳ የሚያወርዱት ጎረምሶች ሲገኙ ነው፤ በፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው ያወርዱታል። አለዚያ መስኮቱ ጋ ቁጭ ነው። አይናገርም።»

ሴትዮዋ በጎ የዋለችላቸው መስሏቸው የእጸገነትን እጅ ጨብጠው «አንቺ እንኳ ያኔ አዝነሽልን ነበር፤ አላህ ውለታሽን ይክፈልሽ» አሉ። ከስድብ ሁሉ የባሰ ነበር።

ወደ ውስጥ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ኮምፒውተሩ ላይ የመጋቢቱን ፊልም ፈልጋ አወጣችው። አምስቱ የወገብ አጥንቶች አንዱ ባንዱ ላይ ልክ ልክ ተቀምጠዋል። ሦስቱም ሥዕል አንድ ዓይነት ነው። ከሥራቸው በራሷ እጅ «ቆመው» ተብሎ ተጽፏል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይጠራል፤ ግን እስኪጠራ ድረስ የሰው ወገብ አይጠብቅም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ይህንንም ሳይሸሽጉ መናገር ይገባል። እጸገነት ዝም ማለት ትችል ነበር። ሆድ ይፍጀው ብላ ዛሬ አስተካክላ ብታነሳ፣ ዶክተሩ «ሲወድቁ ነው የለቀቀው» ይላሉ፤ ወይዘሮ ሀምዲያም ያምናሉ፤ ምርቃቱም ይቀጥላል። የሚያውቅባት አንድም ሰው የለም። ይህ ሐሳብ መጥቶ ጥቂት ቆየ። እንዲያውም ከጥቂትም በላይ ቆየ። ከዚያ ዞር ስትል አቶ ኑሪ እያዩዋት ነበር።

«አባባ» አለች፤ «ያኔ ያነሳሁዎት ራጅ ልክ አልነበረም። ዶክተሩ ቆመው ብለው ነበር፤ እኔ አጋደምኩዎት። አጥንቱ ሲጋደሙ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ያን ጊዜም አውቅ ነበር። አውቄ ወረቀቱ ላይ ቆመው ብዬ ጻፍኩ። በዚያ ራጅ ነው ቦርዱ የፈረደብዎት።»

ከውጭ የመንገዱ ድምፅ፣ የሰብሪና ሳቅ፣ የሆነ ሰው ስልክ ይሰማል።

«ቆመህ ብሎኝ ነበር አላልኩሽም?» አሉ አቶ ኑሪ።

«ብለውኛል።»

«ስጋደም ደህና ነኝ፣ ስቆም ነው አላልኩሽም?»

«ብለውኛል፣ አባባ።»

«ታዲያ ለምን?»

«አሳዘኑኝ። ጎንበስ ይበሉ ብዬ ማዘዝ... አባቴን መሰሉኝ። ነውር መሰለኝ።»

«ነውር!» አሉ አቶ ኑሪ። የተቆጡ አይመስሉም፤ ነገሩ አልገባቸው ያለ ይመስላሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ በቀን አምስት ሰላት፣ በያንዳንዱ ረከዓ ሳጎነብስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ማጎንበስ የሚያዋርደኝ መሰለሽ? አመመኝ እንጂ አልችልም አልኩሽ? አርባ ዓመት በሬ ሳዝል ያላመመኝ ቀን ያለ ይመስልሻል? ብትጠይቂኝ፣ አባባ ይህ ለቤትዎ ነው፣ ለእግርዎ ነው ብለሽ ብትነግሪኝ፣ አንቺ እስክትጠግቢ ድረስ አጎንብሼ እቆም ነበር።»

እጸገነት ተንበርክካ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። በአገሩ ደንብ ሽማግሌ ጉልበቱ ላይ የወደቀን ሰው ወዲያው ነው «ተነሽ፣ ተነሽ» የሚለው፤ ግንባሩ ጉልበት ሳይነካ ነው የሚያነሳው። አቶ ኑሪ አላነሷትም። ግራ ጉልበታቸው ላይ ነበር የወደቀችው፤ ምናልባትም አልተሰማቸውም። ለራሷ እስኪያስጠላት ድረስ እዚያው ቆይታ በራሷ ጊዜ ተነሳች።

«አሁንስ?» አሉ። «አሁን በትክክል ብታነሺኝ ግራውንዱን ይሰጡኛል?»

ይህን ጥያቄ ነበር የፈራችው። «እኔ እጽፋለሁ። ቦርዱ ዘንድም አብሬዎት እሄዳለሁ። ግን ዕጣው ካለቀ ቆይቷል፣ አባባ። ግራውንዶቹ ሰው ገብቶባቸዋል። ይለቀቃል ብዬ ልዋሽዎት አልችልም።»

«እግሬስ?»

«ዶክተሩ ኦፕሬሽን ሊሉ ይችላሉ። እግሩ ይመለስ አይመለስ ግን እሳቸውም አሁን አይነግሩዎትም።»

ሽማግሌው የተንጠለጠለውን እግራቸውን አዩት። ቤቱም አመለጠ፣ እግሩም አመለጠ። አንዳች ነገር እየቆጠሩ የሚያጎድሉ ይመስል ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በእጃቸው ወደ ማንሻው አመለከቱ።

«አቁሚኝ።»

«ቁጭ ብለውም ማንሳት ይቻላል፣ ዶክተሩም ይቀበሉታል፤ ወንበሩን አስጠግቼ...»

«አትዘኚልኝ!» አሉ። በዚያ ክፍል ውስጥ ድምፃቸውን ከፍ ያደረጉት ያኔ ብቻ ነው። «ሥራሽን ሥሪ። ቤቱ ይቅር። ሀምዲያ ልታየው ይገባል።»

እጸገነት አቆመቻቸው። በቀኝ እግራቸው ተመርኩዘው ብረቱን ያዙ። ቀጥ እንዳሉ አንዱን አነሳች። ወደ ኋላ ተለጠጡ፤ ጥርሳቸው ሲንቀጫቀጭ እየሰማች ሁለተኛውን አነሳች። «አሁን ወደ ፊት ጎንበስ ይበሉ፣ አባባ፤ እስከሚችሉት» ስትል ድምፅዋ አልተሰበረም። አቶ ኑሪ ብረቱን ለቀቁ። ሁለት መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ ጀርባቸውን ዘርግተው፣ ለሰላት እንደሚያጎነብሱት ሆነው ዝቅ አሉ። ከጥር ጀምሮ ተቀምጠው ነበር የሚሰግዱት፤ እንዲያ ሆነው ካጎነበሱ አሥር ወር አልፏቸዋል። እጸገነት ወደ መስታወቱ ጀርባ ሮጠች።

«ትንፋሽ ይያዙ። እንዳይነቃነቁ።»

አልተነቃነቁም።

ሥዕሉ ወጣ። ለማየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም ነበር። አራተኛው አጥንት አምስተኛውን ጥሎ ወደ ፊት ወጥቷል፤ ከሥሩ ያለው ባዶ ቦታ የትንሽ ጣት ጥፍር ያህል ይሆናል። በዚያ በኩል ነው ወደ እግር የሚወርደው ነርቭ የሚያልፈው።

«ጨርሰናል፣ አባባ። ቀና ይበሉ።»

ቀና ማለት አቃታቸው። ላባቸው ከግንባራቸው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። እጸገነት ሮጣ መጥታ ደረታቸውን በክንዷ ደገፈችና ቀስ እያለች፣ ቀስ እያለች ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው። አተነፋፈሳቸው እስኪመለስ ድረስ ፊታቸውን አላየችም። እንዲያዩባት የማትፈልገው እንባ ይዟት ነበር።

«ታየ?» አሉ።

«ታየ።»

«በደንብ ነው የታየው?»

«በደንብ፣ አባባ። ማንም ሰው የሚያየው ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ አቶ ኑሪ፤ ዓይናቸው ውስጥ ውሃ ሞላ። ወገብህ ለቋል ተብሎ ፈጣሪውን የሚያመሰግን ሰው ማየት እንዴት እንደሚያሳዝን ያየ ያውቀዋል። ስምንት ወር ሙሉ ውሸታም ሆነው ኖረዋል፤ ያውም በራሳቸው ቤት፣ በራሳቸው ሚስት ፊት። ቤታቸው ሲፈርስ ያላለቀሱት ሰው አሁን በመዳፋቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

እጸገነት ኮምፒውተሩ ጋ ተቀመጠች። ከአዲሱ ፊልም ሥር ለዶክተር ዘአማኑኤል ማስታወሻ ጻፈች፦ የመጋቢቱ ሦስት ራጆች የተነሱት ታካሚው ተጋድመው ነው፤ ቆመው የሚለውን አውቄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሙሉ ስሟን ከነአባቷ አስገባችበት። ይህ ጽሑፍ ከሥራዋ ሊያስባርራት እንደሚችል ታውቃለች። ላከችው። ከዚያ ተነስታ በሩን ከፈተችና ወይዘሮ ሀምዲያን ጠራቻቸው።

ሴትዮዋ ገብተው ከማያው ፊት ቆሙ። እጸገነት ሁለቱን ሥዕል ጎን ለጎን አደረገችላቸው።

«ይሄ ያኔ ተጋድመው ያነሳሁት ነው። ይሄ ዛሬ ቆመው የተነሳው ነው። ይህን አጥንት ይመልከቱት፣ እማማ። ሲቆሙ እንዲህ ይሄዳል፤ ሲጋደሙ እንዲህ ይመለሳል። ያኔም ይሄድ ነበር። ቆመው አንስቼ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ይታይ ነበር። አውቄ አጋደምኳቸው፤ ዶክተሩንም ቦርዱንም ያሳሳትኩት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ሀምዲያ ጣታቸውን አንስተው ባዶውን ቦታ በማያው ላይ ነኩት። ወደ እጸገነት አልዞሩም፤ የሰሟትም አይመስሉም ነበር። አልረገሟትም፣ አልመረቋትም።

«ሐምሌ ላይም እንዲህ ነበር?» አሉ ወደ ባላቸው ዞረው። «ደረጃው ላይም?»

«ነበር» አሉ አቶ ኑሪ።

«ሁለት ጀሪካን...» አሉ ሴትዮዋ። «አንዱ ይበቃል አልከኝ እኮ። አንዱ ይበቃል ስትለኝ፣ ሁለቱን ውሰድ ያልኩህ እኔ ነኝ። ኑሪ! በዚህ ወገብህ ሁለቱን አሸከምኩህ!»

ወለሉ ላይ ቁጭ አሉና በድን የሆነውን እግር አቅፈው ጮኸው አለቀሱ። አቶ ኑሪ እጃቸውን ዘርግተው በሚስታቸው ራስ ላይ አሳረፉ።

«ተይ እንግዲህ» አሉ። «ራጁን አምነሽ ነው።»

እጸገነት ልታጽናናቸው፣ ሴትዮዋንም ከወለሉ ልታነሳቸው አንድ እርምጃ ተራመደች። ከዚያ ቆመች። ወደ ኮሪደሩ ወጥታ በሩን ዘጋችላቸው።